ማተብ ያሰረው ከበሮ

ወንዝ መሻገር ሰውን ይለውጠዋል ይባላል። የዋቤ ወንዝ ግን ሰውን አይለውጥም፤ ማዕረጉን ብቻ ነው የሚለውጠው። ከወዲያ ማዶ በቅሎ ሲጎትት የኖረው ሰው ውኃው ጉልበቱ ላይ ሲደርስ ወታደር፣ ወገቡ ላይ ሲደርስ የአሥር አለቃ፣ ደረቱ ላይ ሲደርስ የሃምሳ አለቃ ይሆንና፣ ወዲህ ማዶ ወጥቶ ሱሪውን ሲጨምቅ ባላምባራስ ነው። ሳይሾም የቀረ ቢኖር የሰመጠው ብቻ ነው። እሱንም ቢሆን ዘመዶቹ «ግራዝማች ነበር» እያሉ ያለቅሱለታል።

እኔን ራሴን ውሰዱ። ቡልጋ ሳለሁ ስሜ «ሥራ ፈት» ነበር፤ የወለደችኝ እናቴ ሳትቀር በሌላ ስም አትጠራኝም። ዋቤን ተሻግሬ ጎባ ስገባ «ጨዋታ አዋቂው ቧልቴ» ተባልኩ። ሥራዬ እንደሆነ ያው ነው፤ እዚያም ምንም አልሠራም ነበር፣ እዚህም ምንም አልሠራም። ልዩነቱ እዚህ ለዚያ ሥራዬ ጠጅ መጠጣቴ ነው።

የቤተ ክህነቱም ሰው ቢሆን በደረቅ እግሩ አልተሻገረም። ዲያቆኑ ቄስ፣ ቄሱ አለቃ ሆኖ ወጣ። አንድ ክረምት በድጓ ቤት አጥር ሥር ያደረ ሰው፣ ሲያንኮራፋ ዜማ ዜማ ስለሚል ብቻ መሪጌታ ይባል ነበር። ታዲያ በዚህ የሹመት ጎርፍ መካከል አንድ ሰው ከወዲያ ማዶ መሪጌታ ሆኖ ገብቶ፣ ወዲህ ማዶም መሪጌታ ብቻ ሆኖ ቢወጣ ማን ያምነዋል? እኛ አላመንንም። «ምን ቢጎድለው ነው ያልጨመረው?» አልን።

መሪጌታ ጥበቡ የመጡት በጥቅምት መጀመሪያ ነው፤ ከጎጃም በእግራቸው። ቁመታቸው ከመቋሚያቸው ብዙም አይበልጥም። በአንድ እጃቸው ያንኑ መቋሚያ፣ በሌላው በነጠላ የተጠቀለለ ጽናጽል ይዘዋል፤ በጀርባቸው አንድ የመጽሐፍ ማኅደር አለ። ሌላ ንብረት የላቸውም፣ ሳላቸውን ካልቆጠርንባቸው። የጎጃም ደብተራ መጣ ሲባል ሴቶቹ ልጆቻቸውን ደበቁ። ወንዶቹ ደግሞ አንድ በአንድ፣ ማንም እንዳያያቸው ተሸፋፍነው እየሄዱ «የኔታ፣ ጠላት የሚያደርቅ ነገር አይጠፋዎትም መቼም?» ይሏቸዋል። እሳቸውም «አለኝ እንጂ፤ ይቅር በለው» ይላሉ። በዚህ መልሳቸው የተነሳ ሰፈሩ አክብሮቱን በሦስት ቀን ውስጥ ግማሽ በግማሽ ቀነሰ።

ቤተ ክርስቲያናችን ከጎባ ወደ ሮቤ በሚወስደው መንገድ፣ ጥድ የበዛበት ጉብታ ላይ ያለች የቅዱስ ሚካኤል ደብር ናት። ደብር ማለታችንም ያው ከወንዙ የመጣ ነው፤ ክዳኗ ገና ያልደረቀ የሣር ጎጆ ነበረች። ከመሪጌታ ጥበቡ በፊት የነበረን መሪጌታ አንዲት ዜማ ብቻ ነበረችው። የቅዱሳኑን ስም እየቀያየረ ዓመቱን ሙሉ እሷኑ ሲነዳት ኖሮ፣ ብርዱ ሲበረታበት ወደ ደሎ ወርዶ ማር ነጋዴ ሆነ። እኛም የመጀመሪያው እሑድ እሷኑ ዜማ ለአዲሱ መሪጌታ አሰማናቸው። እስክንጨርስ ድረስ ዓይናቸውን ጨፍነው ቆሙ። እኛ በተመስጦ መስሎን ነበር።

«ይህንን ማን አስተማራችሁ?» አሉ።

ነገርናቸው።

«እግዜር ማሩን ይባርክለት» አሉና ተቀመጡ።

እንግዲህ የሰፈሩን ሹም ላስተዋውቃችሁ። ባላምባራስ ደጀኔ ይባላል። በፊቱ «እርስዎ» ነበር የምለው፤ ዛሬ ግን አፈር ስለተጫነው «እሱ» ብዬ ብጠራው ግድ የለም፣ የሞተ ሰው አይገርፍም። ባላምባራስ መሪጌታን ጠርቶ እንዲህ አላቸው፦ «የኅዳር ሚካኤል ደርሷል። አገሬን፣ መንዝን የሚያስታውሰኝ ማኅሌት ይቁሙልኝ። ያን ጊዜ ግማሽ ጋሻ መሬት ከነምንጩ የእርስዎ ነው። ካልሆነልዎት ግን የመጡበትን መንገድ ያውቁታል፤ እግሮችዎም እንደሆነ ለምደውታል።»

መሬቱን እንዳሳያቸው የተላክሁት እኔ ነኝ። ከምንጩ በላይ ያለ ማሳ ነው፤ ገብሱ ዘለላው ከብዶት አንገቱን ደፍቷል።

«የማን ነው?» አሉኝ።

«የእርስዎ ሊሆን ነው፣ የኔታ።»

«እስኪሆን ድረስ የማን ነው?»

«የኡስማን ነው። የአባቱም ነበር፣ የአያቱም ነበር። አሁን እንኳ የባላምባራስ ነው፤ ኡስማን ገባሩ ነው» አልኳቸው።

ጎንበስ ብለው አንዱን ዘለላ በመዳፋቸው መዘኑት፤ አልቆረጡትም። «ቧልቴ፣ አልዋሽህም» አሉ። «የመጣሁት ለዚሁ ነው። ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ በሰው ደጅ ቆሜ ‹በእንተ ስማ ለማርያም› ስል ኖርሁ፤ አሁን ሃምሳ አልፎኛል። ሽምግልናዬን በራሴ ገብስ ብጀምረው እግዜር የሚቆጣኝ አይመስለኝም ነበር።» የመጨረሻዋን «ነበር» ያኔ ልብ አላልኳትም።

ማኅሌት ለመቆም ግን ከበሮ ያስፈልጋል። የእኛ ከበሮ ከሸዋ ይዘነው የመጣነው ነበር፤ ቆዳውን ወታደሮቹ ባሌን በያዝንበት ዘመቻ ጊዜ ለጠፍር ቆራርጠው ጨርሰውታል፣ ቀፎውን የባላምባራስ ሚስት ሽንብራ ታስቀምጥበታለች። አዲስ ይሠራ ተባለ። ማን ይሥራው? ቆዳ መንካት ውርደት ነው፤ ባላምባራስ ደግሞ ቆዳ አይነካም፤ ሰፈሩ ደግሞ ሁሉም ባላምባራስ ነው። ስለዚህ ኮርቻ በመጠገን የሚታወቀው ኡስማን ይሥራ ተባለ። መሪጌታን ይዤ ወደ ቤቱ ወረድሁ።

«አካም ጂርታ፣ ኡስማን!»

«አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ ቧልቴ። እኚህ ማን ናቸው?»

«መሬትህን የሚወስዱት ሰውዬ ናቸው» አልሁት። ቀልዴን ነው። ደግሞም እውነቴን ነው፤ የእኔ ቀልድ ክፋቱ ይኸው ነው።

ኡስማን አልሳቀም፤ መሪጌታም አልሳቁም። ሰውየው መሪጌታን ከእግር እስከ ራሳቸው አየና «ሌሎቹ ሳያዩኝ ነው የወሰዱት» አለ። «እኚህ መጥተው አዩኝ። ይሻላል። ይቀመጡ፣ አባ።»

ከዚያ በኋላ ሁለቱ ስምንት ቀን ሙሉ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ኡስማን ከሐረና ጫካ ያመጣው የዋንዛ ግንድ ነበረው፤ ፈለፈለው። ከቤቱ አንድ ቁርበት አወጣና ውኃ ውስጥ ዘፈዘፈው፤ ወጠረው። በእጁ መታ ያደርግና «ዳገኢ» ይላል፣ ስማ ማለቱ ነው። መሪጌታ ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰማሉ። «ጥቂት ላላ አድርገው» ይላሉ። «ገና ነው መሪጌታ፣ ፀሐይ ይብላው» ይላል እሱ። ምሳ ሲሆን ኡስማን የራሱን ይበላል፣ መሪጌታ ከኮሮጇቸው ቆሎ ያወጣሉ፤ አንዱ አንዱን ብላ አይለውም፣ አንዱም በአንዱ አይቀየምም። እኔ መሀል ተቀምጬ ከሁለቱም እበላለሁ።

ከበሮው አልቆ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ የደረሰ ዕለት ሰፈሩ በሙሉ ወጣ። መሪጌታ ማንገቻውን አንገታቸው ላይ አጥልቀው አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ መቱት። ድምም! እንዴት ልንገራችሁ፤ ሳነቴ ተራራ ላይ አይጥ ሲያድን የነበረ ቀይ ቀበሮ ስሙን የጠሩት መስሎት «አቤት» አለ። ሰው ሁሉ ዝም አለ። እኔ ደግሞ አንድ በሽታ አለብኝ፤ ሰው ዝም ካለ አፌ ያሳክከኛል። «ሰማችሁት?» አልሁ። «‹ቢስሚላህ› ብሎ ነው የጀመረው!»

ተሳቀ። ባላምባራስ ራሱ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ሲስቅ ሲስቅ ቆይቶ ግን ፊቱ እንደ ረጋ ወተት ቀጥ አለ።

«ቆይ» አለ። «ቆዳው የማን እርድ ነው?»

ያን ቀን ነው ምላሴን ነክሼ መጣል የነበረብኝ። የሌላ ሃይማኖት ሰው ያረደውን ሥጋ እኛ እንደማንበላ፣ የእኛንም እነሱ እንደማይበሉ የታወቀ ነው፤ የአባት የእናት ሥርዓት ነው፣ በሱ አልቀልድም። ግን ከበሮ ማን ይበላል? እኔም ይህንኑ ብል «የማይበላውን መምታት ይገባል ወይ?» አሉኝ የደብሩ አለቃ፣ አለቃ ወልዴ። ለጅል ጥያቄ መልስ ያለው ሌላ ጅል ብቻ ነው፣ እሱም አልጠፋም። አንዱ «መምታቱስ ባልከፋ፣ ድምፁ በጆሮ ይገባል፤ በጆሮ የገባ ደግሞ ከሆድ አይቀርም» አለ። ሌላው «እኔ እንዲያውም ሆዴን ቁርጠት ቢጤ ጀምሮኛል» አለ።

እስቲ ፍረዱኝ። እነዚህ ሰዎች የኡስማንን መሬት ሲወስዱ መሬቱ የማን እርድ እንደሆነ አልጠየቁም። ገብሱን ሲያጭዱ፣ ቅቤውን ሲቀቡ፣ በቅሎውን ሲጭኑ፣ ምንጩን ሲጠጡ አንድም ቀን ሆዳቸውን አልቆረጣቸውም። በእነሱ ሃይማኖት መሬት አይሰልምም፣ ገብስ አይሰልምም፣ በቅሎም አትሰልምም። የሚሰልመው ቆዳ ብቻ ነው።

ሦስት ቀን ተመከረ። በመጀመሪያው ቀን ከበሮው ጠበል ይረጭ ተባለ። በሁለተኛው ቀን «ጠበል ለታመመ ነው፤ ይህ ግን ያልተጠመቀ ነው፤ ክርስትና ይነሣ» ተባለ። ባላምባራስ በደስታ የክርስትና አባት ልሁን አለ። ሚስቱ ከሐር ክር ማተብ ገምዳ አመጣችና እስኪጠመቅ ድረስ ይሁንለት ብለው አሰሩለት። እውነቴን ነው፤ በዓይኔ በብረቱ ያየሁት ነው። ወገቡ ላይ ሰማያዊ ማተብ ያሰረ ከበሮ ደጀ ሰላሙ ላይ ተቀምጦ ይታይ ነበር። አንዲት አሮጊት ስታልፍ «እግዜር ያሳድገው» ብላ መረቀችው።

በሦስተኛው ቀን ነገሩ ከበደ። ወንድ በአርባ፣ ሴት በሰማንያ ቀን ክርስትና እንደሚነሡ ታውቃላችሁ። ከበሮ ወንድ ነው ሴት? ግማሹ «ጩኸቱን አትሰሙም? ወንድ ነው» አለ። ግማሹ «ሆዱን አታዩም? ሴት ናት» አለ። ወንድም ሆነ ሴት አርባው ቀን አይደርስም፤ የኅዳር ሚካኤል ሊውል አሥራ አንድ ቀን ብቻ ቀርቶታል።

መሪጌታ በዚህ ሁሉ ጊዜ ከዋርካ ሥር እንደ ተቀመጠ ዳኛ ጥዱን ተደግፈው ይስላሉ። አንድ ጊዜ ብቻ «ይህንን ጽናጽሌን ያነጠረው እጅ ምን ሃይማኖት እንደነበረው ማንም አልጠየቀኝም» አሉ። አሁንም ማንም አልጠየቃቸውም። እኔ ግን በጎን ሆኜ አየኋቸው፤ ዓይናቸው ቁልቁል ወደዚያ ገብስ ማሳ ሄዶ ሄዶ ይመለስ ነበር። ማኅሌቱ ካልቆመ ገብሱ የለም። ማኅሌቱ እንዲቆም ደግሞ ወይ ይህ እብደት ማለፍ አለበት፣ ወይ እሳቸው አብረው ማበድ አለባቸው። ማበዱ ይቀላል። እኛ ሁላችን ያደረግነው ነው፤ ከዚያ ወዲህ ሲመቸን ነው የኖርነው።

መላውን ያመጡት አለቃ ወልዴ ናቸው። መላ ሲያመጡ ጢማቸውን በሁለት እጃቸው ይይዛሉ፣ እንዳይበርባቸው። «ልጆቼ፣ ቆዳ የሚወለደው ከበሮ ሲሆን ነው ያለ ማን ነው?» አሉ። «ቆዳ ቆዳ የሆነው በሬው የታረደ ዕለት ነው። ዕድሜው ከዚያ ይቆጠርለት። አርባውም ሰማንያውም ሞልቶት ይሆናል፤ ነገውኑ እናጠምቀዋለን!»

እልል ተባለ። ኡስማን ይጠራ ተባለ። መጣና ከቅጥሩ በር ላይ ቆመ።

«ቆዳው የወንድ ነው የሴት?» አለው ባላምባራስ።

«የበሬ ነው፣ ጌታዬ።»

«ተመስገን! መቼ ነው የታረደው?»

ኡስማን መሬት መሬት አየ። «ቆይቷል፣ ጌታዬ። ተኝቼበት ነበር፤ የመኝታዬ ቁርበት ነው።»

«መኝታህን ማን ጠየቀህ? መቼ ታረደ ነው የምልህ!»

«ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው። እናንተ ከተራራው የወረዳችሁ ጊዜ ነው።»

ያ ቀይ ቡሬ በሬ! ልንገራችሁ፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ማናችንም ያላነሳነው ጉዳይ ነው። በዘመቻው ጊዜ ሳነቴ ላይ ሦስት ቀን እህል ሳንቀምስ፣ ውርጩ ጢማችንን እየሰበረው ከርመን ስንወርድ መጀመሪያ ያገኘነው ቤት የኡስማን ነበር። በሬውን ይዞ ከበሩ ሲወጣ ደረስንበት። ጣቶቻችን ደርቀው ቢላዋ አልጨብጥ አሉን። ያኔ የሃምሳ አለቃ የነበረው ደጀኔ «አንተ እረድልን» ብሎ ጮኸበት። ቀጥሎም ወደኛ ዞሮ «ጀርባችሁን ስጡ!» አለ። ሃምሳችንም ጀርባችንን ሰጥተን፣ ወደ ተራራው ዞረን ቆምን። ያላዩት እርድ ሃይማኖት የለውም ብለን። አለቃ ወልዴም ታቦቱን ለሌላ አስይዘው አብረውን ዞሩ። ስንመለስ በሬው ተጋድሞ ነበር፤ ያን ሥጋ እንዴት እንደበላነው እግዜር ይወቀው፣ እኔ ቀንዱን የነከስሁት ይመስለኛል።

የሰፈራችን ወንድ ደግሞ ያው ያ ሃምሳ ሰው ነበር። አንድም የጎደለ፣ ከመሪጌታ በቀር አንድም የተጨመረ ወንድ አልነበረም።

ነገሩ እዚያ ላይ ቢቆም ጥሩ ነበር። አለቃ ወልዴ ግን አሁንም ጣታቸውን እያጠፉ ይቆጥሩ ኖሮ፣ የሰሙትን ሳይሰሙ «ዓመቱን ተወው፤ ቀኑ ምን ነበር?» አሉ።

«ቀኑን አላውቅም፣ አባ» አለ ኡስማን። «በሬውን ወደ ገበያ ልነዳ ስወጣ ነው ያገኛችሁኝ።»

ገበያው ያው የሮቤ ገበያ ነው። ኦሮሞው ሮብን ሮቢ ይለዋል፤ ቦታውም ስሙን ያገኘው ሮብ ሮብ ገበያ ስለሚቆምበት ነው። ሃምሳ ሰው ባንድ ጊዜ ምራቁን ሲውጥ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ሰምቻለሁ። የእስላም እርድ ብቻ መስሎን ነበር። ለካ ጾምም በልተናል።

ባላምባራስ ብድግ አለ። ፊቱ የበሬውን መልክ ይዟል። «ይዋሻል!» አለ። «እኔን፣ የቅዱስ ሚካኤልን አሽከር፣ ከእስላም ቢላዋ በላ ይለኛል! መሪጌታ፣ የተማሩት እርስዎ ነዎት፤ ይፍረዱ። ‹ዋሽቷል› ይበሉና ከበሮው ይቃጠል፣ ሰውየው ተገርፎ ከመሬቱ ይነቀል። ግማሽ ጋሻውን ብቻ አይደለም፣ ማሳውን በሙሉ ከነገብሱ ዛሬውኑ ያጭዱታል። ከበሮ ከጎባ አስመጣለሁ።»

እንግዲህ እዚህ ላይ ነው እኔ ቧልቴ ከራሴ ጋር የተወራረድሁት። በሕይወቴ ስንት ቄስ፣ ስንት ዳኛ ከገብስ ጋር ሲፋጠጥ አይቻለሁ፤ ሁልጊዜ የሚያሸንፈው ገብሱ ነው። «ያጭዱታል» አልሁ በልቤ። ባያጭዱት ደግሞ በሃምሳ ዓመታቸው ያንን ሁሉ መንገድ እየሳሉ ሊመለሱ ነው። ኡስማንም እንደኔ ያሰበ መሰለኝ፤ መሪጌታን አይቶ ዓይኑን ወደ ማሳው መለሰ፣ እንደሚሰናበት ሰው።

መሪጌታ ሳላቸው እስኪያልፍ ጠበቁ። ከዚያ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ በር ዞረው ቆሙ።

«ባላምባራስ፣ እፈርዳለሁ» አሉ። «መጀመሪያ ግን አንድ ነገር ይንገሩኝ። እዚህ በሩ ላይ ቆመው፣ በሚካኤል ብለው ይማሉልኝ። ያንን በሬ በልተዋል ወይስ አልበሉም?»

በአገራችን ሰው ሁሉ ነገር ያደርጋል። ይሰርቃል፣ ይቀማል፣ ይገድላል። በሚካኤል በር ላይ በሐሰት መማል ግን፣ ያውም በዓሉ አሥራ አንድ ቀን ሲቀረው… ባላምባራስ አፉን ከፈተ። ዘጋው። እኛ ሃምሳዎቹ የጥዶቹን ጫፍ ማየት ጀመርን፤ ጥድ እንዲያ ተመርምሮ አያውቅም።

መሪጌታ ጎንበስ ብለው ከበሮውን አነሡ። ማተቡን ፈትተው፣ አጥፈው፣ ለባላምባራስ ሚስት መለሱላት። ማንገቻውን አንገታቸው ላይ አጠለቁት።

«በሬው ሆዳችሁ ገብቶ እናንተን ካላሰለማችሁ» አሉ፣ «ቆዳው እጄን ምን ያደርገዋል?»

መቱትም። ሃሌ ሉያ ሲሉ ያ የሚያስል ደረት የት እንደገባ እንጃ። እኔ ፊደል ያልቆጠርሁ ሰው ነኝ፤ ግዕዙ ምን እንዳለ አላውቅም። ግን ያን ጊዜ ያፈርሁት ቋንቋውን ሳላውቅ ነው።

የኅዳር ሚካኤል ዕለት ማኅሌቱ ቆመ። ባላምባራስ መንዝ ትዝ ብሎት እንደ ሕፃን አለቀሰ፤ ቀድሞ ያሸበሸበውም እሱ ነው፣ ወደኋላ ያለ ሰው በሬ በላተኛ እንዳይመስል። ኡስማን ከቅጥሩ ውጭ አጥሩን ተደግፎ፣ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ይሰማ ነበር። «እንዴት ነው?» ብዬ ብጠይቀው «ከብርዱ ነው፤ ጥቂት ላልቷል» አለኝ።

ከበዓሉ በኋላ ስለ በሬው አዲስ ታሪክ ወጣ። አሁን እንደሚነገረው ከሆነ በሬውን ባላምባራስ ራሱ ነው በስመ አብ ብሎ ያረደው፤ ቀኑም ሐሙስ ነበር። አንዳንዱማ በሬው ራሱ መጥቶ ተንበረከከ ይላል፤ ከሚሉት አንዱ እኔ ነበርሁ፣ ጠጅ ሲቀዳልኝ። መሪጌታ መሬቱን አልፈለጉም። «የሰው ማሳ ላይ ቆሜ ስዘምር ድምፄ ይሰነጠቃል» አሉ። ታዲያ ለኡስማን የተረፈ እንዳይመስላችሁ፤ ግማሽ ጋሻው ከነምንጩ ለአለቃ ወልዴ ተሰጠ። የእሳቸው ድምፅ ቀድሞውንም የተሰነጠቀ ነው። ስለዚህ ከበሮውም ክርስቲያን ሆነ፣ መሬቱም ክርስቲያን ሆነ፣ ገብሱም ክርስቲያን ሆነ። ኡስማን ብቻ ኡስማን ሆኖ ቀረ።

መሪጌታ ይሄዳሉ ብለን ነበር። ባላምባራስም «ይሂዱ» ለማለት አልደፈረም፤ ደግሞ መሐላ ይጠይቁኛል ብሎ። እሳቸውም «ዜማው እዚህ ገና ሕፃን ነው፤ ጥዬው ብሄድ ያ ማር ነጋዴ ያሳድገዋል» ብለው ቀሩ። በቤተ ክርስቲያኑ ጓሮ ባለች ጎጆ፣ ከሰው በሚላክ ቆሎ ይኖራሉ። ቀለብ ሲያጥር የሚልከው ማን እንደሆነ ልንገራችሁ? ኡስማን ነው። በተረፈችው ማሳ ላይ የበቀለውን ገብስ ይልካል። በቀጣዩ ዓመት የሚካኤል ዕለት ደግሞ አንድ ሙክት ይዞ መጣ፤ ያልታረደ፣ ሣር የሚያመነዥክ፣ በገመድ የሚጎተት።

«ከነነፍሱ ነው ያመጣሁልዎት፣ አባ» አለ። «ሃይማኖትዎን አውቃለሁ። በራስዎ ሰው ያሳርዱ።»

መሪጌታ ደም ማየት አይሆንላቸውም፤ ማረድ አይችሉም። እኔ ቢላዋዬን ስዬ ቀረብሁ፣ ጉበቱን በዓይኔ እየጠበስሁ።

«ቧልቴ፣ ስለዚያ ሮብ ንስሐ ገብተሃል?» አሉኝ።

«ኧረ የኔታ፣ የትኛው ሮብ?»

«እንግዲያስ ቢላዋህን አስቀምጥ።»

ሌላ ሰው ተፈለገ። ንስሐ የገባ ማረድ ይችላል፤ ነገር ግን ንስሐ መግባት በላሁ ማለት ነው፣ በሬው ደግሞ በታሪካችን መሠረት ሐሙስ ቀን በስመ አብ የታረደ ነው። ንስሐ የሚቀበሉት አለቃ ወልዴም ቢሆኑ የራሳቸውን ለማን ይንገሩ? በሰፈሩ ካሉት ሃምሳ ወንዶች አንድ ንጹሕ እጅ ጠፋ። ከጎባ ሰው እናምጣ ቢባል «ምነው፣ እናንተ ምን ሆናችሁ?» ይለናል ተብሎ ቀረ። ያ ሙክት ይኸውና እስከ ዛሬ በጓሮው ይግጣል፤ ወገቡ ሰፍቶ ሁለት ሰው ያስተኛል፣ ማኅሌት ሲጀመር ከመሪጌታ ቀድሞ ይገባል። እኔ እንግዲህ በባሌ ምድር በሃይማኖት የዳነ አንድ ፍጡር አሳየን ብትሉኝ፣ እጃችሁን ይዤ የምወስዳችሁ ወደዚያ ሙክት ነው።